በሽምብራ የሰፋ ቦት ጫማ

የደን ሥራውን በኮንትራት የያዘው ካብላን በስልክ የነገረኝ ሦስት ነገር ነው። ሥራው ሃይፋ አጠገብ ካለችው ነሸር ከተማ በላይ ባለው የቀርሜሎስ ተዳፋት ላይ የጥድ ደን ማሳሳት ነው። ሙከራው ሁለት ሳምንት ነው። ከሁለት ተፈታኞች የሚቀጠረው አንዱ ብቻ ነው። ስልኩን ሊዘጋ ሲል አንድ ነገር ጨመረ።

«ጫማህን ራስህ ታመጣለህ። የረባ ጫማ ይሁን።»

ከሠራዊት ከወጣሁ ስምንት ወር ሆኖኝ ነበር። ክርያት አታ ውስጥ መስኮት በሌለው መጋዘን ካርቶን እደረድር ነበር። ከካብላኑ ጋር ከተነጋገርኩ በኋላ ለመጋዘኑ ኃላፊ ሳምንት ጨርሼ እንደምለቅ ነገርኩት። በማግስቱ በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ቀጠረና ሥራውን አለማምደው አለኝ። ስለዚህ ከሙከራው ብወድቅ የምመለስበት አልነበረኝም። ይህን ለቤት ሰው አልተናገርኩም።

«የረባ» ማለት ምን እንደሆነ ለማወቅ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ስለ ደን ሥራ በዕብራይስጥ የተጻፈ መጽሐፍ ተዋስኩ። የጫማው ምዕራፍ አራት ገጽ ነው። መዝገበ ቃላት ይዤ በሁለት ምሽት ጨረስኩት። ጣቱ ላይ ብረት ያለው፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ አንድ ጋት የሚወጣና አንገቱ ድርቅ ያለ፣ ተዳፋት የሚቆነጥጥ ከፍ ያለ ተረከዝ ያለው፣ ሶሉ ጥልቅ ጥርስ ያለው መሆን አለበት። የሚገዛውም ከሰዓት በኋላ ነው፣ ያን ጊዜ እግር ስለሚያብጥ። ማሰሪያው ሳይታሰር እግር ወደ ፊት ሲገፋ ከተረከዙ ኋላ አንድ ጣት ይገባል። ከአንድ ጣት በላይ ከገባ ሰፊ ነው።

የሥራ ልብስ የሚሸጥበት ሱቅ ታችኛው ከተማ ነበር። አባቴ አብረውኝ መጡ። ጎንደር ሳሉ የቆዳ ሠራተኛ ነበሩ፤ ጠፍር፣ ኮርቻ፣ አገልግል በእጃቸው አልፏል። ሃይፋ ከገቡ ወዲህ ግን ወገባቸው እስኪያስቆማቸው ድረስ ትምህርት ቤት ጠርገዋል። ከቆዳ የተሠራ ነገር ያለ እሳቸው ምስክርነት ቤታችን አይገባም ነበር።

ሻጯ ከሩሲያ የመጣች ሴት ናት። ስድስት ጥንድ ለካሁ። እያንዳንዱን አድርጌ ደረጃ ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ ጣቴ ብረቱን ይነካ እንደሆን ለማየት ወለሉን ረገጥኩ። አምስተኛው ላይ ሻጯ፣

«ለሠርግ ነው?» አለችኝ።

«ለዛፍ ነው» አልኳት።

ስድስተኛው ልክ ሆነ። ቁጥሩ አርባ ሦስት፣ ኋላው አንድ ጣት። አባቴ ተቀበሉኝና አንገቱን በሁለት እጃቸው ሊያጥፉት ሞከሩ። አልታጠፈም። አሸተቱት።

«ይህ ቆዳ አልለፋም» አሉ በአማርኛ።

«ምን አሉ?» አለች ሻጯ።

«ጥሩ ነው ይላሉ» አልኳት።

መጽሐፉ አዲስ ጫማን ለማላመድ ሁለት ሳምንት ይላል። እኔ የነበረኝ ዘጠኝ ቀን ነው። ሠንጠረዥ አወጣሁ። በመጀመሪያው ቀን ቤት ውስጥ ግማሽ ሰዓት፣ በሁለተኛው አንድ ሰዓት፣ በሦስተኛው የሰፈራችንን የሃሊሳን ደረጃ ባዶ እጅ፣ በአራተኛው ከጀርባ ቦርሳ ጋር። ቅባት በስሱ፣ ስፌቱ ላይ ብቻ። ውሃ ፈጽሞ እንዳይነካው። በአራተኛው ቀን ተረከዜ መቅላት ጀመረ፤ ይህም በመጽሐፉ መሠረት ትክክል ነበር።

አባቴ ከበረንዳው ሆነው ስወጣ ስወርድ ያዩኛል።

«መቼ ነው የሚለፋው?»

«ቀስ እያለ ነው አባዬ።»

«ቀስ እያለማ አንተን ነው የሚያለፋህ።»

በአምስተኛው ቀን ከመጋዘን ስመለስ ጫማዎቹ በቦታቸው አልነበሩም። በረንዳው ላይ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ቆመው አገኘኋቸው። አባቴ ከጠዋት ጀምሮ ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፈው፣ ዘይት አሽተው፣ በዱላ ወቅጠው፣ በበረንዳው ብረት ላይ ወዲህና ወዲያ ስበው ሲያበቁ ሁለቱንም ጫማ እስከ አንገቱ ድረስ በራሰ ሽምብራ ሞልተው አፉን በማሰሪያው ጠፍረውታል። ሽምብራው ሲያብጥ ቆዳውን ይገፋል። ጠፍር ለሚሠራ ሰው ይህ የታወቀ ነገር ነው። ጆሮዬን ዝቅ ሳደርግ ከውስጥ ቀስ ያለ የመንቋቋት ድምፅ ይሰማል።

«ነገ እግርህን ስታገባው እንደ ቅቤ ነው» አሉኝ። እጃቸው እስከ ክንዳቸው በዘይት ወዝቷል። እንዲያ ሲሠሩ አይቻቸው አላውቅም። እኔ የማውቃቸው ከመጥረጊያ ጋር ነው።

«ቤሰደር አባዬ» አልኩ በዕብራይስጥ፣ መልካም ነው እንደማለት። «እግዜር ይስጥልኝ።»

በእኛ ቤት አባት በእጁ የሠራው ነገር ይመሰገናል። ከምስጋናው በኋላ የሚባል ነገር የለም። እናቴ ሽምብራውን ከመጣሏ በፊት ሦስት ቀን አሰበችበት።

ሲደርቅ ለካሁት። ከተረከዙ ኋላ ሁለት ጣት ተኩል ይገባል። አንገቱ ደግሞ ስለቀው እንደ ካልሲ ተጣጥፎ ይወርዳል። ሠንጠረዡን ቀደድኩት፤ የቀሩት መስመሮች ትርጉም አልነበራቸውም።

ሙከራው እሑድ ጠዋት ተጀመረ። ካብላኑ ከቀርሜሎስ መንደሮች የመጣ፣ አምሳውን ያለፈ የድሩዝ ማኅበረሰብ ሰው ነው። ስማችንን ሳይጠይቅ ወደ እግራችን ጎንበስ አለ። ሌላው ተፈታኝ እንደኔ ከኢትዮጵያ የመጡ የእኛው ሰዎች ልጅ ሆኖ ክርያት አታ የተወለደ፣ ወሬ የማያልቅበት ልጅ ነው። ጫማው አዲስ ነው፣ ያብለጨልጫል። ካብላኑ በአውራ ጣቱ ተጫነውና ባለመደሰት ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ የኔን ተጫነ። ጣቱ ሰመጠ።

«ስንት ክረምት ሠራህበት?» አለኝ።

ስለ ሽምብራው በዕብራይስጥ እንዴት እንደምጀምር እያሰብኩ ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ ትሕትና ቆጠረው።

«ጥሩ» አለ። «አንተ ዳገቱ ላይ።» ወደ ሌላው ዞረ። «አንተ ታች፣ መንገዱ ላይ ቅርንጫፍ ትደረድራለህ።»

ዳገቱ ላይ የሚመደቡት ልምድ ያላቸው ናቸው። ቆራጩ ጥዱን በባለሞተር መጋዝ ይጥላል፤ እኛ ቅርንጫፉን መልምለን ግንዱን እያንከባለልን እስከ መንገዱ እናወርዳለን። ቁልቁል ስወርድ እግሬ ጫማው ውስጥ ወደ ፊት ይንሸራተትና ጣቴ ብረቱን ይመታል። ሽቅብ ስወጣ ተረከዜ ከጫማው ይነሣል። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ካልሲ ደርቤ ነበር። ሰኞ ሦስት፣ ማክሰኞ አራት አደረግሁ። ማክሰኞ ማታ የሁለቱም አውራ ጣቶቼ ጥፍር ጠቁሮ ነበር። ሲያዩኝ አላነክስም። የማነክሰው ዛፍ ጀርባ ስደርስ ነው። ለዚህም የት የት እንደማልፍ ጠዋት አጠና ነበር።

በየቀኑ ቤት ስገባ አባቴ «እንዴት ዋለ?» ይላሉ። እኔም «ቤሰደር» እላለሁ።

ረቡዕ ቀትር ላይ የግራ ጫማዬ ተረከዝ በሁለት ግንዶች መካከል ተያዘ። እኔ ግን ግንዱን እየገፋሁ ስለነበር መሄዴን ቀጠልኩ። ሁለት እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ነው መሬቱ የቀዘቀዘኝ። ጫማው ኋላ ቀርቷል።

የክርያት አታው ልጅ ቅርንጫፉን እንደታቀፈ ከታች ያየኛል።

«አሂ፣ ወንድሜ» አለ፣ «ይሄ ጫማ ነው ወይስ ቦርሳ?»

ካብላኑ ወጥቶ ጫማውን ከግንዶቹ መካከል ነቀለው። አንገቱን አጠፈው፣ አለ ችግር ታጠፈ። ዘቅዝቆ አራገፈው። ከጣቱ በኩል አንዲት የደረቀች ሽምብራ ወደቀች። አንሥቶ አያት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሽምብራ።»

«ምሳህ ነው?»

«አባቴ ናቸው። ቆዳው እንዲለፋልኝ ብለው ሞሉበት።»

ሽምብራዋን መዳፉ ላይ አገላበጣት።

«ስንት ክረምት ነበር ያልከኝ?»

«አላልኩም።»

«አላልክም፣ አውቃለሁ። አንተ ዝም ስትል ግን እኔ ዳገት ላይ አቆምኩህ። ግንዱ ቢንከባለልና ብትሮጥ፣ አንተ በየት ጫማህ በየት?» ሽምብራዋን መሬት ላይ ጣላት። «ዛሬ ይበቃሃል። ነገ ጠዋት የሚይዝህ ጫማ አድርገህ ና። ከሌለህ አትምጣ።»

ወደ ሃይፋ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ አሰብኩ። አዲስ ጫማ መግዛት ይቻላል። ግን አዲስ ጫማ ሳይላመድ ዳገቱ ላይ ሁለት ቀን አይቆይም፤ የክርያት አታው ልጅ ታች ሜዳው ላይ ሆኖ እንኳ በሁለተኛው ቀን ተረከዙ ደምቷል። የሰፋው ጫማ አይሆንም፣ ጠባቡም አይሆንም። እስከ ነገ ጠዋት ድረስ በቆዳ ላይ አንድ ነገር ማድረግ የሚችል እኔ የማውቀው ሰው አንድ ብቻ ነው። እሳቸውን ለመጠየቅ ደግሞ በመጀመሪያ ምን እንዳጠፉ መንገር አለብኝ። ሁለት ፌርማታ አለፈኝና በእግሬ ተመለስኩ።

አባቴ በረንዳው ላይ አጎዛቸውን ወንበር ላይ አንጥፈው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ያለውን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ካልሲዎቹን አወለቅሁ። አባቴ አንድ በአንድ ሲወልቁ ቆጠሩ።

«እዚያ ብርድ ነው እንዴ?»

«አይደለም። ጫማው ሰፍቶኛል አባዬ።»

«መቼ ሰፋ?»

«በሽምብራው ጊዜ።»

ጥፍሮቼን አዩ። ብዙ ጊዜ አዩአቸው።

«እና ይህን ሁሉ ቀን ቤሰደር ቤሰደር ስትለኝ የነበረው?»

«እንዳያዝኑ ብዬ ነው።»

«አሁን ደስ ያለኝ ይመስልሃል?»

ካብላኑ ያለውን ነገርኳቸው። መጋዘኑ ሌላ ሰው መቅጠሩንም ነገርኳቸው። ይህን ሲሰሙ ተነሡና ገብተው የብስኩት ቆርቆሮ ይዘው ወጡ። ውስጡ ወስፌ፣ ሰም የተቀባ ክርና ቢላዋ አለ። ከዚያ ሲቀመጡበት የነበረውን አጎዛ ከወንበሩ አነሡና ቢላዋውን አሳረፉበት።

«አባዬ፣ እሱን ተዉት እንጂ።»

«ግባበትና ቁም። የት የት ነው የሚላወስብህ?»

«ከተረከዙ ኋላ ሁለት ጣት ተኩል፣ በጎን በኩል በትንሿ ጣት ከግማሽ ጣት ትንሽ...»

«ጣትህን አልጠየቅኩህም፣ እግርህን ነው። ደረጃውን ወርደህ ውጣና ንገረኝ።»

ወርጄ ወጣሁ። ተረከዙ ይነሣል አልኳቸው። ከአጎዛው ተረከዝ የሚያቅፍ ቁራጭ አወጡና፣ ጸጉሩን ወደ ቆዳው አዙረው ከውስጥ ሰፉት። ደግሞ ላኩኝ። ቁልቁል ስወርድ ወደ ፊት እሄዳለሁ አልኳቸው። ከጫማው ምላስ ሥር ሌላ ቁራጭ ሰፉ። እንዲህ እያልን ሰባት ጊዜ ወጣሁ ወረድኩ። ታች የሚቀመጡት ጎረቤት በአምስተኛው ላይ ምን ጠፍቶብኝ እንደሆነ ጠየቁኝ።

የቀረው አንገቱ ነበር። አባቴ ትምህርት ቤት ሲሠሩ የክፍሎቹን ቁልፍ ያንጠለጥሉበት የነበረ ወፍራም ቀበቶ አላቸው። ለሁለት ቆረጡትና በቁርጭምጭሚቱ ዙሪያ ከውጭ ሰፉት። ቀኙን እሳቸው፣ ግራውን ደግሞ እያዩኝ እኔ። የኔን ሲያዩ ምንም ሳይሉ ፈትተው እንደገና ሰፉት። መብራት ሳያስፈልገን ጨረስን።

«ዛሬ ውሃ አልነካውም እኮ» አሉ ሲያስረክቡኝ። ይቅርታ መሆኑ የገባኝ አልጋ ላይ ሆኜ ሳስበው ነው።

ሐሙስ ጠዋት ካብላኑ ጎንበስ አለ። በአውራ ጣቱ ጫማዬን ተጫነ፣ ቀበቶው አላሰመጠውም። ተረከዙን ይዞ ሳበው፣ እግሬ አብሮ መጣ። ከዚያ ተዳፋት ላይ በተጋደመ ግንድ ላይ አቆመኝና ሳያስጠነቅቀኝ ትከሻዬን ገፋኝ። አልወደቅኩም።

«ማን ሠራው?»

«አባቴ።»

«የሽምብራው አባትህ?»

«አዎ። መጀመሪያ አበላሹት፣ ኋላ አስተካከሉት። በመካከሉ ያልነገርኳቸው እኔ ነኝ።»

ምን እንዳሰበ ፊቱ ላይ አይታወቅም።

«ዛሬ ታች ሥራ» አለ። «የእሑድን እሑድ እናየዋለን።»

እሑድ ዳገቱ ላይ መለሰኝ። በሁለተኛው ሳምንት ሳልቆጥብ ሠራሁ፤ ዛፍ ጀርባ የማልፍበት ምክንያትም አልነበረኝም። ሐሙስ ከሰዓት ሥራ ሲያበቃ ካብላኑ ሁለታችንንም ጠራ። ለክርያት አታው ልጅ በሚመጣው ወቅት እንዲደውልለት ነገረው። ለእኔ፣

«አንተ ትቆያለህ» አለኝ። «ከእንግዲህ ግን ስጠይቅህ መልስ። ቃሉ ከጠፋህ በእጅህ አሳይ።»

«እሺ» አልኩ፣ ወዲያው።

የክርያት አታው ልጅ ጨበጠኝ። ተረከዙ ላይ ፕላስተር ለጥፎ አሥር ቀን ሙሉ ያልቀረ ሰው ነው።

«አሂ፣ በሶፋ ጫማ ነው ያሸነፍከኝ» አለኝ። ከጫማዬ አፍ የበግ ጸጉር ወጥቶ ይታይ ነበር፣ አልተከራከርኩትም።

ቤት ስገባ አባቴ በረንዳው ላይ ነበሩ።

«ምን አለህ?»

«ትቆያለህ አለኝ።»

«ስለ ጫማውስ?»

«ስለ ጫማው ዛሬ ምንም አላለም።»

አባቴ ገብተው የብስኩት ቆርቆሮውን ይዘው ወጡ።

«አውልቃቸውና ስጠኝ» አሉ። «ግራው ላይ አንድ ስፌት አልወደድኩትም።»