ጋሽ ደምሌ ሳያውቁ የነዱት ሊኑክስ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጋሽ ደምሌ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ትርንጎ፣ ፎርማት ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«በቃ፣ ሌላው ትርፍ ነው» አሉና ካቻቢቴ አስጨበጡኝ።

አራዳ ያለችው የኮምፒውተር ጥገና ቤታችን ሕጓ ይኸው ነበር። ማሽን ካተኮሰው ፎርማት፣ ካዘገመ ፎርማት፣ ባለቤቱ ከተነጫነጨም ፎርማት። ፎርማት ማለት ዲስኩን አጥቦ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ነው፤ ቀድሞ ያልተቀዳ ነገር ካለ አብሮ ይታጠባል። ጋሽ ደምሌ የተቃጠለ ፓወር ሰፕላይ በማሽተት ብቻ የሚለዩ እውነተኛ ባለሙያ ናቸው። ከዊንዶውስ ሌላ ግን ስሙንም መስማት አይፈልጉም። አንድ ቀን በዊንዶውስ ቦታ ስለሚጫነው ስለ ሊኑክስ ላስረዳቸው ብሞክር፣ «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል። እሱን ነገር እዚህ ቤት ያስገባ ሰው ይዞት ይወጣል» ብለው ጉዳዩን ዘጉት።

እኔ ደግሞ አትንኪ የተባልኩትን ካልነካሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ያኔ ኔት ሄድ መለስ ይል ስለነበር ከተማው የሚኖረው በፍላሽ ነው። ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቫይረስም አብሮ ይዞራል። ከሁሉ የባሰበት የራሳቸው የጋሽ ደምሌ ማሽን ነበር፤ ዘፈን ሊያስጭን የመጣ ሰው ፍላሹን የሚሰካው እሱ ላይ ነው። ለወንድማቸው ልጅ ሠርግ ወደ ጭልጋ ሲሄዱ፣ «እስክመለስ አጽጂው» ብለውኝ ሄዱ።

አጸዳሁት። ዊንዶውሱን ጠራርጌ ሊኑክስ ጫንኩ። የለመዱትን የጀርባ ሥዕል መለስኩ፣ የስታርት ምልክቱን ታች በግራ ጥግ አኖርኩ፣ አይኮኖቹን በየቦታቸው ደረደርኩ። ከዚያ ዋይን የሚባለውን አስገባሁ። ዋይን የዊንዶውስ ፕሮግራም የሚጠይቀውን እየተቀበለ ሊኑክስ በሚገባው መንገድ ያስፈጽማል፤ ፕሮግራሙ ሰው ቤት መቀመጡን ሳያውቅ ሥራውን ይሠራል።

ያስቸገረኝ የመኪና እሽቅድምድሙ ነው። ጋሽ ደምሌ ደንበኛ ሲጠፋ የሚጫወቱት ጌም ስለሆነ፣ እሱ ካልሠራ ተያዝኩ ማለት ነው። መጀመሪያ ድምፁ እምቢ አለ፤ ቀጥሎ ስክሪኑ ጠቆረ። በመጨረሻ ዋይን ራሱን እንደ አሮጌ ዊንዶውስ እንዲያስተዋውቅ ሳስተካክለው መኪናዋ ተነሣች። ብቻዬን እልል አልኩ።

ጋሽ ደምሌ ከሠርግ ተመልሰው አንድ ዙር ነዱ።

«ምነው ፈጠነ?»

«አጸዳሁት እኮ።»

«አየሽ፣ ዊንዶውስ በደንብ ሲያዝ እንዲህ ነው» አሉኝ። ሳቄን ልደብቅ ጠረጴዛ ሥር ገብቼ ገመድ የምፈልግ መሰልኩ።

ዋይን ደግሞ ከልክ በላይ ታማኝ ነው። ጋሽ ደምሌ የአንዱን ፍላሽ ከፍተው ያገኙትን ሁሉ ሲጫኑ፣ ቫይረሱንም ሳይቀር አስነሣላቸው። «ቫይረስ ገባ!» ብለው ሲጮሁ እኔ በሆዴ፣ ዊንዶውስ ለመሆኑ ምስክር ተገኘ አልኩ። የዋይንን አቃፊ ሰርዤ ቀድሜ ከያዝኩት ቅጂ መለስኩት፤ ሻያቸው ሳይቀዘቅዝ አለቀ። እሳቸውም የእጄን ፍጥነት ለጎረቤቱ ሁሉ አወሩልኝ።

እንዲህ ደስ ብሎን ስንኖር መሪጌታ ፈንቴ ከአምባ ጊዮርጊስ መጡ። የቅኔ መምህር ናቸው። የሞቱ መምህራቸውን ቅኔ ከየሽማግሌው አፍ ለቅመው፣ በአንድ አሮጌ የግዕዝ መጻፊያ ፕሮግራም በገዛ እጃቸው ለዓመታት ተይበውታል። ኮምፒውተራቸው ሞቶ የቀረው ዲስኩ ብቻ ነው። የመምህራቸው ሙት ዓመት ደርሷል፤ መጽሐፉ በዕለቱ ታትሞ ለደቀ መዛሙርቱ መታደል አለበት። ቅኔውን የነገሯቸው ሽማግሌዎች አብዛኞቹ አልፈዋል፤ ሌላ ቅጂም የለም።

ጋሽ ደምሌ ዲስኩን ከሱቁ አዲስ ላፕቶፕ ጋር አገናኝተው ፋይሉን ከፈቱት። የፈረንጅ ፊደል፣ ነጥብና ጭረት የተደባለቀበት ዝብርቅርቅ ወጣ። መሪጌታ መጻፊያው ያለበትን ሲዲ ከቆዳ የመጽሐፍ ማኅደራቸው አውጥተው ሰጡን። አዲሱ ዊንዶውስ፣ ይህ ፕሮግራም እዚህ አይሠራም ብሎ መለሰው።

«መሪጌታ፣ ፋይሉ ተበላሽቷል» አሉ ጋሽ ደምሌ። ከልባቸው አዝነዋል። «ዲስኩን ፎርማት ላድርግልዎና ለሌላ ሥራ ይሁንዎ።»

መሪጌታ ወደ ስክሪኑ ተጠግተው ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ አሳረፉ።

«ይቺ እመቤታችን ናት።»

ጋሽ ደምሌ እኔን አዩኝ። ሐዘኑ አናታቸው ላይ ወጣ ብለን ሰጋን።

«ይኸ ደግሞ ጊዮርጊስ ነው። ምነው፣ አታዩም እንዴ? ቀይ ነው እኮ!»

እውነትም በጥቁሩ ዝብርቅርቅ መካከል እዚህም እዚያም ቀይ ዝብርቅርቅ አለ። ብራና ላይ የአምላክ፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ይጻፋል። መሪጌታ ኮምፒውተር ላይም ያንኑ ሲያደርጉ ኖረዋል፤ ስሙ ላይ ሲደርሱ ቆም እያሉ፣ ቀለም እየቀየሩ።

ቀዩ በየቦታው ካለ ፋይሉ ደኅና ነው። የጎደለው ፊደሉን የሚያወጣው መጻፊያ ብቻ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ያረጀ ፕሮግራም ደግሞ ከአዲሱ ዊንዶውስ ይልቅ ዋይን እንደሚታገሥ አውቃለሁ። ዋይን ያለው ግን በጋሽ ደምሌ ማሽን ላይ ብቻ ነው። ከተናገርኩ እንጀራዬ ሊቋረጥ ነው። ፈራሁ። መሪጌታ ጣታቸውን ከስክሪኑ ላይ ገና አላነሡም።

«ጋሽ ደምሌ፣ የእርስዎ ማሽን ይከፍተዋል» አልኩ።

«የእኔስ ያው ዊንዶውስ አይደለም እንዴ?»

«አይደለም።»

ሌላ ነገር ሳይጠይቁኝ ዲስኩን ወደ እሳቸው ማሽን አዛውሬ ሲዲውን አስገባሁ። መጻፊያው ያለ አንዳች ጭቅጭቅ ተጫነ፤ ፋይሉን ስከፍተው ግዕዙ ተዘረገፈ፣ ጥቁሩ ጥቁር፣ ቀዩ ቀይ። መሪጌታ የመጀመሪያውን ቅኔ በዜማ ጀመሩት። ጥቂት እንደሄዱ ድምፃቸው ተቆረጠና በነጠላቸው ዓይናቸውን ያዙ። እኔም አለቀስኩ።

«ሸጋ ልጅ!» አሉኝ። «አያ ደምሌ፣ ይቺን ልጅ እንዳትለቋት።»

ጋሽ ደምሌ ማሽኑን ከፊትም ከኋላም ዞረው ተመለከቱት።

«እና እስከ ዛሬ ስነዳ የኖርኩት...»

«ሊኑክስ ላይ ነው።»

«እኔ ሠርግ ስበላ?»

«አዎ፣ እርስዎ ሠርግ ሲበሉ።»

መሪጌታ ፊት መቆጣት አልሆነላቸውም። ጉሮሯቸውን ጠረግ ጠረግ አድርገው፣ «በይ ቆመሽ አትዪኝ፣ ሌላም ፍላሽ ላይ ቅጂለት» አሉኝ። ማተሚያ ቤቱም ያለ መጻፊያው እንዲከፍተው ሥራውን ወደ ፒዲኤፍ ለወጥነው።

መጽሐፉ ለሙት ዓመቱ ደረሰ። ጋሽ ደምሌም አብረውኝ ሄደው፣ «በእኔ ማሽን ነው የተከፈተው» እያሉ ለካህናቱ ሁሉ ሲያወሩ ዋሉ። ውሸት አልነበረም።

ዛሬ ፀዳ የራሴ ቤት አለኝ፤ እንደ ደንበኛው ፍላጎት ዊንዶውስም ሊኑክስም እንጭናለን። አብረውኝ ለሚሠሩት የምነግራቸው ባለቤቱ ስክሪኑን በራሱ ዓይን ሳያይ ዲስክ ፎርማት እንዳያደርጉ ነው።