ችካሌን የነቀልኩበት ደን

ዛሬ ጠዋት ከደባርቅ ወጣ ብዬ ስሄድ አንዲት ድኩላ ከነግልገሏ መንገድ አቋርጣ ደኑ ውስጥ ገባች። ቆሜ አየኋት፤ ደስ አለኝ።

ያ ደን እኮ ሊጠፋ የነበረው በእኔ እጅ ነው።

በደርግ ጊዜ፣ መንደር ምሥረታ ሲመጣ፣ ወጣት የግብርና ሠራተኛ ነበርኩ። ጥዱና ወይራው ተመንጥሮ ቤት እንዲሠራበት ታዘዘና ችካል ልተክል ሄድኩ።

እማማ አለሚቱ የሚባሉ የአካባቢው እናት እንስራቸውን አዝለው ከምንጩ ሲመለሱ አገኙኝ።

«ምን እየሠራህ ነው ልጄ?»

«የቤት ቦታ እየለካሁ ነው፣ እማማ።»

«ሰዉ ቤቱ ከገባ በኋላ ምን ሊጠጣ ነው? የታችኛው ደን ሲቆረጥ የዚያ ምንጭ አብሮ ነጠፈ። የቀረን ይኸኛው ምንጭ ብቻ ነው።»

እውነታቸውን ነበር። እምቢ ማለት ደግሞ «ፀረ አብዮት» ያሰኛል።

የተከልኩትን ችካል ነቅዬ «መሬቱ ረግረግ ስለሆነ ለቤት አይሆንም» ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። ውሸት አልነበረም፤ ምንጩ አጠገብ ሁለት ክንድ የምታህል ረግረግ ነበረች።

ሳምንቱን በፍርሃት አሳለፍኩ። በመጨረሻ መንደሩ ከደኑ ውጭ ባለው ሜዳ ላይ እንዲሆን ተወሰነ። ለእማማ ስነግራቸው «ተባረክ» ብለው ከምንጩ በቅል ቀድተው አጠጡኝ።

በእናንተ አካባቢስ በአንድ ሰው ቃል የተረፈ ደን አለ? ማን እንዳተረፈው ጻፉልኝ።