ልጆቹ የማይገቡበት ቤት

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጎንደር ወደ ቁስቋም ሽቅብ ስወጣ ትንፋሽ አጠረኝና የአንድ መዋዕለ ሕፃናት አጥር ተደግፌ ቆምሁ። ግድግዳው ላይ ቀጭኔና ዝሆን ተስሏል፤ ቀጭኔዋ አንገቷ ረዝሞ ጣራው ጋር ሲደርስ ሠዓሊው ቦታ ጨርሶ ኖሮ ጭንቅላቷን አጎንብሶ አስገብቶታል። ዘበኛው ብቅ አለና «እማማ፣ ልጅ ሊወስዱ ነው?» አለኝ።

«የለም ልጄ፣ ላርፍ ነው» አልሁት።

ካረፍሁም በኋላ ግን እግሬ አልነሣ አለኝ። የዕረፍት ደወል ተደውሎ ልጆቹ ወጡ፣ ተራገጡ፣ ተመልሰው እየተጋፉ በበሩ ገቡ። ልጅ በበር ሲገባ ማየት ለሌላ ሰው ምንም አይደለም። እኔ ግን በወጣትነቴ ልጆች የማይገቡበት አንድ ቤት አጋጥሞኝ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አባቴ ሆስፒታል ውስጥ ቁስል የሚያጥብ ድሬሰር ነበር፤ እኔ ደግሞ አዲስ አበባ የመዋዕለ ሕፃናት ትምህርት ኮርስ ወስጄ ጎንደር ስመለስ ትምህርት ጽሕፈት ቤት «አስተባባሪ» ተብዬ ተመደብሁ። ምን እንደማስተባብር ለመረዳት ራሱ ወራት ፈጅቶብኛል። መምህሯን የምናሠለጥን እኛ ነን፤ ቤቱን የሚሰጥ ገበሬ ማኅበሩ ነው፤ እናቶችን የሚቀሰቅስ የሴቶች ማኅበሩ፤ ክትባቱና የዱቄት ወተቱ ከጤና ጥበቃ ይመጣል። ልጁ የሁሉም ነው ይባል ነበር። የሁሉም የሆነ ነገር ደግሞ ዝናብ ሲመጣ ማን ወደ ቤት እንደሚያስገባው አይታወቅም። ሥራዬ ደብዳቤ ይዞ ከቢሮ ቢሮ መሮጥ፣ የአንዱን ሰው ንግግር ለሌላው አለስልሶ ማድረስ ነበር። ወደድሁት። ሲፈጥረኝ ጠያቂ ነኝ፤ እናቴ «የአንቺ ጥያቄ ከጎተራው እህል ይበዛል» ትለኝ ነበር። አሁን መንግሥት ለመጠየቅ ደመወዝ ይከፍለኝ ጀመር።

አንድ ጥቅምት አለቃዬ አስጠራኝ። ሁለት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷል። አንዱ ከትክል ድንጋይ አለፍ ብሎ ካለ መንደር፣ ከሰንበሌጥ ሜዳ፣ የመጣ የልጆች መቆጣጠሪያ መዝገብ ነው፤ ልጆቹ ሁሉ በየቀኑ ተገኝተዋል ይላል። ሌላው የክትባት ሠራተኛው ማስታወሻ ነው፤ የመዋዕለ ሕፃናቱን ቤት ከፍቶ ቢያይ ወንበሩ አቧራ ለብሷል፣ የልጅ ዱካ የለም ይላል።

«ወይ መዝገቡ ይዋሻል ወይ ሰውየው» አለኝ። «ሄደሽ እይ። የዋሸው መዝገቡ ከሆነ መምህሯ ትሰናበታለች፤ ጣቢያውም ይዘጋል።»

እስከ ትክል ድንጋይ በጭነት መኪና፣ ከዚያ ወዲያ በእግሬ ሄድሁ። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ደርቋል፤ ጤፉ ገና ወደ ቢጫ ሊዞር ያመነታል፤ ነፋሱ ግን ጆሮ ይቆርጣል። ከገበያ የምትመለስ አንዲት ሴት አብራኝ ስትጓዝ የባቄላ እሸት ከነእንጨቱ ሰጠችኝ። እየፈለፈልን፣ ገለባውን እየጣልን ሄድን። የማን ልጅ እንደሆንሁ፣ ባል እንዳለኝ፣ ምን ፍለጋ እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። ስለ መዋዕለ ሕፃናቱ ስነግራት እሸቱን መፈልፈል ተወች። ከዚያ በኋላ ስለ ጤፉ ብቻ አወራን።

ስደርስ መዝገቡም ሰውየውም እውነታቸውን ሆኖ አገኘሁት። ልጆቹ አሉ፤ ቤቱ ግን ባዶ ነው። ቆርቆሮ ክዳን ያለው፣ በመንደሩ ካሉት ሁሉ የጠነከረ ቤት ነበር። ልጆቹ ከዚያ ቤት ሃያ እርምጃ ርቀው፣ አጥር ሥር፣ ነፋስ ላይ፣ በኩታና በአሮጌ ጋቢ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። መምህሯ የሻረግ ትባላለች፤ ዐሥረኛ ክፍል የጨረሰች ቀጠን ያለች ልጅ፣ በዕድሜ የእኔው እኩያ። ከሰል በቀባችው ጣውላ ላይ ፊደል ታሳያቸዋለች።

«ምነው ውጭ?» አልኋት።

«ቁንጫ አለበት» አለችኝ።

ገብቼ አየሁ። ቁንጫ የለበትም። እኔው ከአዲስ አበባ አምጥቼ ለየጣቢያው የላክኋቸው ሥዕሎች ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል፤ አንድም የልጅ ጣት አላረፈባቸውም። አንዲት እናት ስጠይቅ «ይበርዳል» አለችኝ፤ ውጭው ከውስጡ ይልቅ እየበረደ። ሌላዋ «ጭስ ጭስ ይላል» አለች፤ ምድጃ በሌለበት ቤት። ቁንጫ፣ ብርድ፣ ጭስ። አንድ ምክንያት ብቻ ቢሰጡኝ ኖሮ አምኜ እመለስ ነበር። ሦስት ሲሆንብኝ እዚያው ማደር አማረኝ።

የሻረግ ዘንድ አድሬ በማግስቱ ከልጆቹ ጋር አኩኩሉ ተጫወትሁ። በኮርሳችን ልጅን ለማወቅ አብረሽው ተጫወቺ ተብለናል። ከክምር ሥር፣ ከቁልቋል ኋላ፣ ከየሻረግ ቀሚስ ውስጥ ሳይቀር ተደበቁ። ከሁሉ የሚሻለውን መደበቂያ፣ ያን ቤት፣ የነካው የለም። ተራው የእኔ ሲሆን ሮጬ ገባሁበትና ከበሩ ኋላ ቆምሁ። በዚህ እንኳ ይገባሉ ብዬ ነበር።

«አኩኩሉ!» ይላሉ። «አልነጋም!» እላለሁ። ድምፄ ከየት እንደሚመጣ ሲገባቸው ዝም አሉ። እኔም ጠበቅሁ። ያን ጊዜ ነው ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ነገሮች ማየት የጀመርሁት። መስኮት የለውም። ግድግዳው ላይ፣ ሰው መሬት ተቀምጦ ጀርባውን በሚያስደግፍበት ከፍታ፣ ምርጊቱ እየተሻሸ ለስልሷል። በሩም መቀርቀሪያው ከውጭ በኩል ነው። ጎተራ ነው እንዳልል ሰው በጎተራ ግድግዳ ላይ መስቀል አይጭርም።

በስንጥቁ አንዲት ልጅ አየሁ። እናኑ ትባላለች፤ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ከደፉ ወዲያ ቆማ እጆቿን አጣምራለች።

«እትዬ፣ ውጪ» አለችኝ ልታለቅስ ደርሳ። «ሳይዘጉብሽ ውጪ።»

«ማን ነው የሚዘጋብኝ የኔ ዓለም?»

«አያ ደሴ። አባባን እንደዘጉበት።»

ወጣሁ። እጄን ይዛ እስከ አጥሩ ድረስ ጎትታ ወሰደችኝ፤ እስክንደርስም አልለቀቀችኝም።

የሻረግ ልጆቹን ወደየቤታቸው ከሸኘች በኋላ ውኃ ልንቀዳ ወንዝ ወረድን። እዚያ ነገረችኝ። ሁለት ክረምት ሙሉ ቤቱ የማኅበሩ እስር ቤት ነበር። ለሽፍቶች ስንቅ አቀብላችኋል የተባሉ ሰዎች ታስረውበታል። ገሚሱ ወጣ። የእናኑን አባትና ሌሎች ሁለት ሰዎችን ግን ወደ ጎንደር ወሰዷቸው፤ ከዚያ ወዲህ የሰማ የለም። መዋዕለ ሕፃናት ይከፈት የሚል ትእዛዝ ሲመጣ ቤቱ ተጠርጎ ተሰጠ።

«ልጆቹ ስንቅ ይዘው ከእናቶቻቸው ጋር እዚያ በር ላይ ቆመው ያውቃሉ» አለችኝ። «እንዴት ብዬ ላስገባቸው? ምንስ ብዬ ልጻፍ? የማይገቡበትን ምክንያት ብጽፍ ማኅበሩን ከሰስሁ ማለት ነው። ስለዚህ መጥተዋል ብዬ እጽፋለሁ። መጥተዋላ።»

ከሰዓት በኋላ ወደ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ወደ አያ ደሴ ቤት ሄድሁ። ሽማግሌ ናቸው፤ ትከሻቸው ሰፊ፣ እጃቸው የገበሬ እጅ። እርጎ አስቀረቡልኝ። አንድ ሁለቴ ጎንጨት ብዬ አስቀመጥሁና ጀመርሁ።

«አያ ደሴ፣ ያ ቤት ለሕፃናት አይሆንም።»

«ምነው? ክዳኑ ሸጋ፣ ግድግዳው ሸጋ።»

«ብርሃን የለውም። መመሪያው ሁለት መስኮት ይላል።»

መመሪያው እውነትም ይል ነበር። አያ ደሴ ከመሬት ሰንበሌጥ አንሥተው ያጥፉ ጀመር፤ አጠፉት፣ ደግመው አጠፉት፣ የሚታጠፍ እስኪያጣ ድረስ።

«ብርሃን ነው ያልሽው?»

«አዎ። ብርሃን ነው።»

«የልጄ ልጅም እዚያ ናት» አሉ ቀስ ብለው። «ጠዋት ከቤቴ ወጥታ ትሄዳለች፤ እሷም አትገባም። ላጎርሳት ስል እጄን ታየዋለች።» ከዚያ ሰንበሌጡን ጣሉት። «እንግዲያው ብርሃን ነው ብለሽ ጻፊ። ቤቱን እኛ እንሠራለን።»

ሠሩም። ከመንደሩ ማዶ፣ ሜዳው ላይ፣ በጭቃ የተመረገ የሣር ቤት፤ መስኮቱ ሦስት። እኔ ጎንደር ተመልሼ አንድ ገጽ ሪፖርት ጻፍሁ፦ መዝገቡ ትክክል ነው፣ መምህሯ ታታሪ ናት፣ ቤቱ ብርሃን ስለሌለው ተቀይሯል። አለቃዬ አነበበውና ቀና ብሎ አየኝ።

«ይኸው ብቻ ነው?»

«ይኸው ብቻ ነው።»

ማኅተሙን መታበት። የሻረግ ሥራዋ ላይ ቆየች። በሚያዝያ ከክትባት ሠራተኞች ጋር ስመለስ ልጆቹ አዲሱ ቤት ውስጥ ተቀምጠው፣ ወለሉ በዳቦ ፍርፋሪ ተሸፍኖ አገኘሁ። እናኑ ከበሩ አጠገብ ነበረች፤ ግን ውስጥ። አባቷ ያኔም አልተመለሰም። የሻረግ ከዓመታት በኋላ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረች፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ተቋረጠብኝ።

ለብዙ ዘመን ይህን ታሪክ እንደ ጥሩ ሥራዬ አድርጌ ለራሴ ስተርከው ኖርሁ። ሦስት ጽሕፈት ቤት አስማምቼ ያላገኘሁትን ነገር ከአንዲት የአምስት ዓመት ልጅ አግኝቼ ልጆቹን ከነፋስ አስገብቻለሁ። ሐሰትም የለበትም። ዕድሜ ሲገፋ ግን ሌላ ነገር ይታየኛል። የእናኑን አባት ያመጡት ወደዚህ ወደ እኔ ከተማ ነበር። የታሰሩ ሰዎች ዘመዶች በየጠዋቱ ምሳ ዕቃ ይዘው ሲሰለፉ በቢሮዬ መስኮት በኩል አያቸው ነበር። ስሙን የሻረግ ነግራኛለች። ወርጄ አንዷን ሴት ጠጋ ብዬ «እንዲህ የሚባል ሰው አለ ወይ?» ማለት ይቻለኝ ነበር፤ አለ ብትለኝ ለአንድ መንደር ደብዳቤ መላክ ሥራዬ ነው።

ቁንጫውን ጠየቅሁ፣ ብርዱን ጠየቅሁ፣ ጭሱን ጠየቅሁ። እሱን አልጠየቅሁም።