ለአዴ ፋጡማ ያልነገርኳቸው

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን መገባደጃ ላይ ነው። የዚያን ጊዜ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ግን ኮምፒዩተር ፊት በተቀመጥኩ ቁጥር አስታውሰዋለሁ፤ እንጀራዬም እሱው ስለሆነ የማላስታውስበት ቀን የለም።

ተወልጄ ያደግኩት አሰላ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ዳታ ፕሮሰሲንግ ለሚባል የሁለት ዓመት ዲፕሎማ አዲስ አበባ ተመደብኩ። ምን እንደሆነ በሰፈራችን የሚያውቅ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር እኔም አላውቅም። አባቴ ሰው ሲጠይቀው "የሚያስብ መኪና ትምህርት ነው" እያለ ይመልስ ነበር።

የጎረቤታችን የአዴ ፋጡማ ልጅ ጀማል ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብሮኝ የተማረ ነው። በሒሳብ ይበልጠኝ ነበር። ማትሪኩን ታሞ ተፈተነና ውጤት አልመጣለትም። እኔ ኮሌጅ በገባሁ በወሩ ቀበሌ ለብሔራዊ ውትድርና መለመለው። ከሰሜን ሁለት ደብዳቤ ጻፈ፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ለተግባር ልምምድ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ላኩን። ሥራችን በእጅ ከተሞሉ ቅጾች ላይ እያነበብን ካርድ መብሳት ነበር። ማሽኑ ላይ ፊደሉን ስንነካ ወፍራሙ ካርድ ይበሳል፤ ካርዶቹን ኮምፒዩተሩ ያነባቸዋል። ቅጾቹ የወታደሮች ነበሩ። ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የቅርብ ዘመድ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንዲት ቁጥር። አንድ ከሆነ በሥራ ላይ ነው፣ ሁለት ከሆነ ቆስሏል፣ ሦስት ከሆነ ሞቷል፤ የሞተበት ቀንም አብሮ ይጻፋል። ያየነውን ውጭ እንዳናወራ አስፈርመውናል። በዚያን ዘመን እንዲህ ያለ ፊርማ ቀልድ አልነበረም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጀማል ቅጽ እጄ ገባ። መጀመሪያ ስሙን ሳነብ ሞክሼ መሰለኝ። የአባቱን ስም አየሁ። አርሲ፣ አሰላ ይላል። የቅርብ ዘመድ፣ እናት፣ ፋጡማ። መጨረሻው ላይ ሦስት ቁጥር።

ካርዱን አበላሸሁት። ሌላ አስገባሁ፤ እሱንም አበላሸሁት። ተቆጣጣሪያችን መጥታ በትከሻዬ በኩል ቅጹን አየችው።

"ዘመድሽ ነው?" አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"ጎረቤታችን ነው።"

"መርዶው በቀበሌ በኩል ይደርሳቸዋል። አንቺ አላየሽም፤ ገባሽ?"

ገባኝ አልኳት። ሦስተኛውን ካርድ ሳልሳሳት በሳሁት።

ለዕረፍት አሰላ የሄድኩት ከሁለት ወር በኋላ ነው። አዴ ፋጡማ ተረድተው፣ ለቅሶው አልፎ፣ እኔም ከሰው ጋር ገብቼ የማለቅስ መስሎኝ ነበር። ቤት ስደርስ ከእናቴ ጋር ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ስቀው ተነሡ። በቅቤ የታሸ ጭኮ በሣህን ይዘውልኝ መጥተዋል። የቀበሌው መርዶ አልደረሳቸውም።

ትንሽ ከተጫወትን በኋላ እጄን ያዙኝ።

"ኢንተላ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "አባትሽ ሲናገር ሰማሁ። በዚያ መኪና ውስጥ የወታደሩ ስም ሁሉ አለ አሉ። የኔን ልጅ አላየሽውም?"

እናቴ ታየኛለች። አባቴ ያየኛል፤ የወታደር ስም እንደምንበሳ ለእሱ ብቻ ነግሬው ነበር። ፊርማዬ ትዝ አለኝ። ብናገር አባቴንም ይዘውት የሚሄዱ መሰለኝ። እሱ ብቻም አይደለም፤ እጃቸው እጄ ላይ እያለ ያንን ቃል ከአፌ ለማውጣት አቅም አጣሁ።

"ስሙን አላየሁም፣ አዴ" አልኳቸው።

"አልሐምዱሊላህ!" ብለው ብድግ አሉ። "ከሞቱት ጋር የለም ማለት ነዋ!"

እንዲህ ይተረጉሙታል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ማረም የምችለው ያኔ ነበር፤ አላረምኩትም። እሳቸው ግን በዚያው ወጥተው ለሰፈሩ ሁሉ አወሩት። የእኔ ቃል የመንግሥት ማስረጃ ሆነ።

ተመርቄ አዲስ አበባ ተቀጠርኩ። ሮቤ ያገባች የአዴ ፋጡማ ሴት ልጅ እናቷ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ልትወስዳቸው ብዙ ጊዜ መጣች። "ጀማል መጥቶ ቤቱን ዝግ ሊያገኘው ነው?" እያሉ እንቢ አሏት። እኔም አሰላ መሄድ አበዛለሁ ብዬ ሳስብ እያሳነስኩ ሄድኩ።

ሦስት ዓመት አለፈ። መንግሥት ተለወጠና ወታደሩ በየመንገዱ ተበትኖ ወደየአገሩ መመለስ ጀመረ። ያን ሰሞን አሰላ ነበርኩ። አንድ ጠዋት በመናኸሪያው ሳልፍ አዴ ፋጡማን አየኋቸው። ከአውቶቡስ የሚወርደውን ከሲታ ወታደር ሁሉ ክንዱን እየያዙ ፊቱን ቀና አድርገው ያዩታል፤ ይለቁታል፤ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ባለሱቁ በየቀኑ እንደሚመጡ ነገረኝ።

ከዚያ በላይ መሸከም አልቻልኩም። ወስጄ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቅጹን፣ ቁጥሩን፣ የዋሸኋቸውን።

ይጮሃሉ፣ ይመቱኛል ብዬ ነበር። ፊታቸውን ወደ አውቶቡሶቹ አዞሩ።

"ሦስት ዓመት ሙሉ በየሶላቱ 'መልስልኝ' እያልኩ ለመንኩት" አሉ በመጨረሻ። "'ማረው' ማለት ነበረብኝ እኮ። ልጄ ሦስት ዓመት ዱዓ ሳይደረግለት ተኛ።"

ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

"የሞተበት ቀን ተጽፎ ነበር?"

ተጽፎ ነበር። በገዛ እጄ በስቼዋለሁ። ግን አላስታወስኩትም። ቁጥሯን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም፤ ቀኑን ግን አልያዝኩትም። ይህንንም ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው በእኔው ትከሻ ተደግፈው ተነሡ፤ ቤታቸው ድረስ ደግፌ ወሰድኳቸው።

በዚያው ሳምንት ሰፈሩ ተሰብስቦ ሰደቃ ወጣለት። ከወር በኋላ ልጃቸው ሮቤ ወሰደቻቸው፤ እዚያው አረፉ። አንድም ቀን ወቅሰውኝ አያውቁም። ሰው ባገኙ ቁጥር ሰላምታ ይልኩልኝ ነበር።

ሰው ይህን ስነግረው "ልጅ ነበርሽ፤ ዘመኑም አስፈሪ ነበር" ይለኛል። እውነት ነው። እኔም በፈራችው ልጅ አልፈርድባትም። ግን መንግሥት ከተለወጠ በኋላም እስከዚያ ጠዋት ድረስ ዝም ብዬ ነበር። ያኔ የምፈራው ማንን እንደነበር ራሴን እጠይቃለሁ። እሳቸውን ነበር።