የሥጋ ሻጩ ጉበት

በሃምሳዎቹ መጨረሻ ሶዶ ሆስፒታል ውስጥ ድሬሰር ነበርኩ። ሥራዬ ቁስል ማጠብ ቢሆንም ወላይትኛም፣ አማርኛም፣ ትንሽ እንግሊዝኛም ስለምችል ፈረንጁ ሐኪም ከበሽተኛ ጋር የሚያወራው በእኔ በኩል ነበር።

አንድ ቅዳሜ በገበያው የታወቀውን ሥጋ ሻጭ ጎረምሶች በቃሬዛ አመጡት፤ ሚስቱ እያለቀሰች ትከተላለች። ሊያርደው የጣለው በሬ ገመዱን በጥሶ ቀኝ ጎኑን ረግጦታል። እሱ ግን "ትከሻዬን ነው የሚያመኝ፤ ወጌሻ ጥሩልኝ!" ይላል። ሐኪሙ ትከሻውን ዳበሰ፤ ደህና ነው። ሆዱን ሲጫነው ግን እንደ ጣውላ ደርቋል። በመርፌ ቢስብ ደም ወጣ። ይረጋ እንደሆነ ጠበቀ፤ አልረጋም፤ ሆዱ ውስጥ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው።

"ጉበቱ ተቀዷል፤ የትከሻው ሕመምም ከዚያ የመጣ ነው። ከፍተን እንሰፋዋለን በለው" አለኝ።

ነገርኩት። እያቃሰተ በንቀት አየኝ። "አንተ ልጅ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ጉበት ስቆርጥ ኖሬአለሁ። ጉበት ይበላል እንጂ ይሰፋል እንዴ?"

ሐኪሙ ይህን ሲሰማ፣ "እሱ ከቆረጣቸው በሬዎች አንዱም ድኖ ቤቱ አልገባም በለው" አለ። አንድም ቃል ሳልቀንስ ተረጎምኩ። ሚስቱ በእንባዋ መሃል ሳቀችና "ስፉት!" አለች።

ደም ያስፈልግ ነበር። ቃሬዛውን የተሸከሙት ጎረምሶች ይህን ሲሰሙ አንዱ በቅሎ ሊያስር፣ አንዱ ውሃ ሊጠጣ ወጥተው በዚያው ቀሩ። የገጠመው የሚስቱ ደም ሆነ።

ስንጥቁ መዳፌን ያህል ነበር። ጉበት ለስላሳ ስለሆነ ክሩ ጠበቅ ሲል ይቆርጠዋል፤ ሐኪሙ ትንፋሹን ይዞ ቀስ እያለ ሰፋው። የተረፈው ደም እንዲወርድ በጎኑ የጎማ ቱቦ አስወጥቶ ሆዱን ዘጋው።

ስፌቱ እንዳይለቅ ለሳምንታት መተኛት ነበረበት። በአምስተኛው ቀን ግን ሊሄድ ሲነሳ ያዝኩትና ሱሪውን መድኃኒት ቤት ደበቅሁት።

"ሱሪዬስ?" ይለኛል ከሳምንት በኋላ።

"እጥበት ላይ ነው ጋሼ።"

"ሳምንት ሙሉ?"

"ፈረንጅ ሲያጥብ እንዲህ ነው።"

ሚስቱም፣ "ተኛ! በውስጥህ ያለው የእኔ ደም ነው፤ እንዳታፈሰው" ትለዋለች። ይተኛል።

ድኖ ሥራውን ቀጠለ። አንድ ቀን በሱቁ በኩል ሳልፍ ሸሚዙን ገልቦ ለደንበኞቹ ጠባሳውን ያሳያል። "ይኸው ምስክሬ መጣ! ጉበቴ ላይ ስንት ስፌት ሰፋችሁኝ?"

አምስት ነበር።

"አሥራ ሁለት" አልኩ።

ደንበኞቹ አጨበጨቡ። እሱም ደህና ዳቢት ጠቅልሎ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።