ስም የተጠለፈበት የአልጋ ልብስ

ሐመልማል ልብስ የምትሰፋበት ክፍል ከሶዶ ወደ አረካ በሚያስወጣው መንገድ ዳር፣ ከአንድ የሞባይል ጥገና ቤት ጎን ነው። በሩ ላይ ጽሑፍ የለም። ደንበኞቿ ግን አያጡትም፤ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የመዘምራን ልብስና የሚዜ ቀሚስ ትሰፋለች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። መርፌ በከንፈሯ ይዛ መናገር ስለለመደች ንግግሯ አጭር ነው።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት መምህር ኤልሳዕን ስታገባ እናቷ ከሁምቦ አንድ ጋቢ ይዛ መጣች። ስጦታው ለኤልሳዕ እናት ነበር። ሐመልማል በወላይትኛ «አዬ» እያለች የምትጠራት እናቷ ጥጡን ክረምቱን ሙሉ ፈትላዋለች። ዓይኗ ደክሞ ስለነበር ክሩ አንዳንድ ቦታ ወፈር ይላል። ሸማኔው ሁለቱን ክንፍ ሲያስረክብ መሃሉን የገጠመችው ሐመልማል ናት። ጫፉ ላይ ስትደርስ ነጭ ክሯ አለቀ። እሑድ ስለነበር ሱቅ አልተከፈተም፤ የመጨረሻዋን ስንዝር በሰማያዊ ክር ጨረሰቻት። አዬ አይታ ሳቀች።

«ምልክት ይሁንሽ» አለች። «ቢጠፋ ታገኚዋለሽ።»

በዓመቱ አዬ ሞተች። ከእጇ ሥራ የቀረው ያ ጋቢ ብቻ ነበር፤ እሱም በአማት ቤት።

የአማት ቤት ማለት የአቶ ሀብታሙና የወይዘሮ ፋንታዬ ቤት ነው። አቶ ሀብታሙ በንብረት ክፍል ዕድሜያቸውን የጨረሱ የመንግሥት ጡረተኛ ናቸው። መኝታ ቤታቸው ውስጥ ባለ ሦስት በር ቁም ሳጥን አለ፤ ቁልፉ በአንገታቸው ይንጠለጠላል። ለቤቱ የሚመጣ ስጦታ ሁሉ ወደዚያ ይገባል። ከዚያ የሚወጣው ደግሞ ወደ ሌላ ሰው ቤት ሊሄድ ነው። ወይዘሮ ፋንታዬ ለልደት፣ ለሠርግ፣ ለታመመ ጥየቃ ባዶ እጃቸውን ሄደው አያውቁም። ለዚህም ሲሉ አንድም ነገር ገዝተው አያውቁም።

ስጦታን ማሳለፍ በሶዶ ነውር አይደለም። አራት ፔርሙዝ የደረሳቸው ሙሽሮች ሦስቱን ቢያሳልፉ ማን ይወቅሳቸዋል? ግን ወግ አለው። መጀመሪያ ይከፈታል፣ ይታያል፣ በአዲስ ወረቀት ይጠቀለላል። ወደ ሰጪው፣ ወደ ሰጪውም ዘመድ አይሄድም። ሰው በእጁ የሠራው ነገር ደግሞ ጨርሶ አይተላለፍም። ወይዘሮ ፋንታዬ ከእነዚህ ውስጥ አንዱንም አይጠብቁም ነበር። የራሳቸው ሕግ ሌላ ነው፤ «ከሶዶ የመጣ ወደ አረካ፣ ከአረካ የመጣ ወደ ሶዶ።» መንገዱ ራሱ ያጥበዋል ብለው ያምናሉ።

ሐመልማል የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ አማቷን ለመነቻቸው።

«እማዬ፣ የአዬን ጋቢ ለአንድ ቀን ያውሱኝ። ልጁን ልጠቅልለው።»

«ሳጥን ውስጥ ነው ልጄ። የብል መድኃኒት አድርጌበታለሁ፤ ለአራስ ልጅ አይሆንም።»

ከሁለት ዓመት በኋላ ስትጠይቅ «ይታጠብ ብዬ ሰው ጋ ልኬዋለሁ» አሏት። ሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቅ «ቆይ እስቲ» አሉ። ቆየች።

ያገኘችው ከሦስት ዓመት በፊት አረካ ነው። የአቶ ሀብታሙን ታላቅ ወንድም አቶ ቦልቴን ለመጠየቅ ከባሏ ጋር ሄዳ ነበር። ሽማግሌው ደጅ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። በትከሻቸው ላይ ጋቢ ደርበዋል። ሐመልማል ለሰላምታ ጎንበስ ስትል ሰማያዊውን ስንዝር አየችው።

«ጥሩ ጋቢ ነው አባባ።»

«ፋንታዬ ናት ያመጣችልኝ። ሆስፒታል ተኝቼ የወጣሁ ጊዜ፤ ያኔ እናንተ በተጋባችሁ በሰባተኛው ወር። እጇ ሰፊ ነው፣ ይባርካት።»

ሐመልማል «አሜን» አለች። ሰባተኛው ወር ላይ አዬ በሕይወት ነበረች።

ከታመመ ሽማግሌ ትከሻ ላይ ጋቢ አይጠየቅም። «ተሳስቻለሁ፣ መልሱልኝ» ማለት የሚችለው የሰጠው ሰው ብቻ ነው። ሐመልማል ይህን በሚኒባሱ ውስጥ ስታሰላስል መጣች፤ ሶዶ ስትደርስም በቀጥታ ወደ አማቷ ቤት ሄደች።

«እማዬ፣ ጋቢውን አየሁት። አረካ ሄደው ያምጡልኝ።»

«አይ አንቺ! የሰጠሽኝን ልትቆጣጠሪኝ ነው እንዴ?»

«የእናቴ እጅ ነው።»

«ጨርቅ ነው ልጄ» አሉ ወይዘሮ ፋንታዬ፤ ትከሻዋን መታ መታ አደረጉ። «ጨርቅ ደግሞ አንቺው ጋ ሞልቷል።»

ኤልሳዕ ማታ «ተይው በቃ፣ እናቴ ናት» አላት። ሐመልማልም ተወችው። ጭቅጭቁን ማለት ነው እንጂ ጋቢውን አይደለም።

ከዚያ በኋላ አማቷን ልኩን እንደምትወስድለት ደንበኛ አጠናቻቸው። አንድ ጊዜ በጊፋታ፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ በዓል ላይ፣ ስድስት ብርጭቆ በካርቶን ሰጠቻቸው። መጠቅለያውን በሁለት ረድፍ ፕላስተር አሽጋ፣ ጥጉ ላይ በጥቁር ክር አንድ ጊዜ ወግታዋለች። ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ያ ካርቶን፣ የመንገዱም ሕግ ተረስቶ፣ ወደ እሷው ተመልሶ መጣ። ፕላስተሩ ሁለት ረድፍ ነው። ጥቁሩም ክር አለ።

«ብርጭቆ ነገር መሰለኝ» አሉ ወይዘሮ ፋንታዬ፣ ጆሯቸው አጠገብ ወዝወዝ አድርገው እያቀበሏት።

ሐመልማል አመሰገነች። የምትፈልገውን አገኘች፤ እነዚህ ሰዎች ወረቀት አይቀዱም። የተቀደደ ወረቀት ለሌላ አይሆንማ። የሚሰጡትን የሚያውቁት በክብደቱና በድምፁ ነው።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል የኤልሳዕ ታናሽ ወንድም ቤኒ ወደ ስፌት ክፍሏ መጣ። ደስ ብሎታል።

«ሐመል፣ በጥቅምት ሽማግሌ ልልክ ነው። ሰብለ ቤት።»

«ለእናቷ ምን ትወስዳላችሁ?»

«ለአባቷ ጋቢ እኔ ገዝቻለሁ። የእናትየውን እማዬ አለኝ ብላለች።»

ሐመልማል መርፌዋን ከከንፈሯ አወጣች። «እንግዲያው ይኖራቸዋል» አለች።

በሚቀጥሉት ሦስት ሳምንታት የአልጋ ልብስ ሠራች። ወፍራም ነጭ ጨርቅ ገዛች፤ ዙሪያውን የእንሰት ቅጠል ጠለፈችበት። መሃሉ ላይ፣ አንድ ክንድ በሚያህል ቦታ፣ በቀይ ክር እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ለእናታችን ለወይዘሮ ፋንታዬ፣ ከምራትዎ ከሐመልማል፣ ለጊፋታ።» ካርድ ይነቀላል። ይህ እንዳይነቀል ጥልፉን እጥፍ አድርጋ በስፌት መኪና ረገጠችው። ከከተማው ውዱን ወረቀት ገዝታ ጠቀለለችው፤ ወርቃማ ሪባን አሰረችበት።

በጊፋታ ዕለት ቤተሰቡ ሁሉ በተሰበሰበበት ለአማቷ አቀበለቻቸው።

«ይክፈቱት እማዬ።»

«ኋላ፣ ኋላ። ከባድ ነው ደግሞ!»

«በእጄ የሠራሁት ነው። ይዩት።»

«ይህን የመሰለ ወረቀት እንዴት ይቀደዳል?» አሉ ወይዘሮ ፋንታዬ። አቶ ሀብታሙ ቁልፉን ከአንገታቸው አወጡ።

ሁለት ጊዜ ነገረቻቸው። ሦስተኛ አልጨመረችም።

የሽምግልናው ዕለት የሰብለ ቤት ሳሎን ሞልቶ ነበር። የልጅቷ አጎት አቶ ኤርካሎ የቤቱ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሃያ ስምንት ዓመት አስተምረዋል። ንግግሩ ተጀመረ፣ ጸሎት ተደረገ፣ ልጅቷ ተጠየቀች። ከዚያ ስጦታው መጣ። እንደ ደንቡ እየተከፈተ ለሁሉም ይታያል። የአባትየው ጋቢ ተገልጦ ተመረቀ። ቀጥሎ ወርቃማ ሪባን ያለው ጥቅል ወጣ። ሐመልማል ከሴቶቹ ጋር በር አጠገብ ተቀምጣ ጣቶቿን ታያለች።

አቶ ኤርካሎ ወረቀቱን በሰንጢ ቀደዱት። የአልጋ ልብሱን ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘው ዘረጉት፤ «እሰይ፣ እሰይ!» ተባለ፣ እልልታውም ቀለጠ። አቶ ኤርካሎ ግን መምህር ናቸው፤ የተጻፈ ነገር ሳያነቡ አያልፉም። መነጽራቸውን አድርገው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። ከምራትዎ የሚለው ላይ ሲደርሱ እልልታው ተቋረጠ።

«ወይዘሮ ፋንታዬ ማናቸው?» አሉ፤ እያወቁ።

«እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ፋንታዬ።

«እንግዲያው ይህ የእርስዎ ነው።»

ልብሱን ጫፍ በጫፍ አጣጥፈው በሁለት እጃቸው መለሱላቸው። አቶ ሀብታሙ «ዕቃው ተቀያይሮ ነው» ቢሉ ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል አፈነው። ቤኒ ወለሉን እያየ ጆሮው ቀላ።

«እኛ የምንጣላበት ነገር የለም» አሉ አቶ ኤርካሎ። «ግን ልጃችን ነገ በዚያ ቤት ምራት ናት። ዛሬ ምራት የሆነችውን ብንሰማ ደስ ይለናል። አሁን አይደለም፤ በሌላ ቀን ብቻዋን ትምጣ። የሠርጉን ቀን ከዚያ በኋላ እንቆርጣለን።»

በማግስቱ ወይዘሮ ፋንታዬ ወደ ስፌት ክፍሉ መጡ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሲመጡ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። አቶ ሀብታሙ ከኋላ ቆመዋል።

«አዋረድሽኝ!»

«ይክፈቱት ብዬዎት ነበር።»

«አሁን ሂጂና ደህና ነገር ተናገሪ። ለቤኒ ስትይ።»

«እሄዳለሁ። መጀመሪያ ጋቢዬን።»

«ከታመመ ሰው ትከሻ ላይ ልግፈፍልሽ?»

«ሲሰጧቸውም ታመው ነበር። አዲስ ገዝተው ይውሰዱላቸውና ተሳስቻለሁ ይበሏቸው።»

«መግዛት?» አሉ አቶ ሀብታሙ። መርዶ የሰሙ ይመስሉ ነበር።

ሐመልማል የስፌት መኪናዋን ረገጠች፤ የስፌቱ ድምፅ ንግግሩን ዘጋው።

ኤልሳዕ አራት ቀን ሙሉ ያቀረበችለትን በልቶ ሳያናግራት ይነሳ ነበር። አምስተኛው ቀን ቤኒ መጣ፤ አልተቀመጠም።

«እኔ ምን አደረግኩሽ ሐመል?»

«ምንም» አለችው። «አንተ ምንም አላደረግክም።» ከሄደ በኋላ አንድ የዩኒፎርም እጅጌ ገልብጣ ገጥማ ኖሮ መፍታት ግድ ሆነባት። ለአማቷ ግን ከዋጋው አንድ ክር አልቀነሰችላቸውም።

በሁለተኛው ሳምንት ወይዘሮ ፋንታዬ ከሶዶ ገበያ ጋቢ ገዙ። የገበያው ሰው ሦስት ጊዜ ዋጋ ጠይቀው ሦስት ጊዜ ተመልሰው ሲሄዱ አይቷቸዋል። አረካ ደርሰው ሲናዘዙ አቶ ቦልቴ እስኪያስላቸው ሳቁ አሉ።

«ስህተትሽ በስምንት ዓመቱ ነው የታየሽ?»

ጋቢው በፌስታል ተጠቅልሎ መጣ። በዚህኛው ላይ ወረቀት የለም፣ ሪባንም የለም። ሐመልማል አማቷ ፊት ዘረጋችው፤ ጠርዙን በጣቷ ተከትላ ሰማያዊውን ስንዝር አገኘችው። ጋቢው ሳስቷል፣ የሽማግሌውን የትንባሆ ሽታ ይዟል። ወፋፍራሞቹ ክሮች ግን እንደነበሩ ናቸው። አላመሰገነችም። አጣጥፋ ከኋላዋ ካለው ወንበር ላይ አኖረችው፣ ከዚያም ነጠላዋን ለብሳ ወደ አቶ ኤርካሎ ቤት ሄደች።

ውሃ አቀረቡላት። የሰብለ እናትም ተቀምጠዋል።

«እውነቱን ንገሪን» አሉ አቶ ኤርካሎ።

«ቤኒ ጥሩ ልጅ ነው። ቤቱም አይሳደብም፣ አይማታም። ልጃችሁ አትራብም።»

«እናትየውስ?»

ሐመልማል ውሃውን ጠጥታ ብርጭቆውን አስቀመጠች።

«በምትሰጧቸው ነገር ሁሉ ላይ ስማቸውን አስጠልፉ።»

አቶ ኤርካሎ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። የሠርጉ ቀን ለጥር ተቆረጠ።

ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሰብለ እናት ከባጃጅ ላይ ትልቅ ዘምቢል አስወርደው ወደ ስፌት ክፍሉ ገቡ። አሥራ አንድ ዕቃ ነው፤ ኩታ፣ ብርድ ልብስ፣ ፎጣዎች፣ የጠረጴዛ ልብስ፣ የፔርሙዝ ሽፋን ሳይቀር። በሠርጉ ዕለት አጋፋሪው በየዕቃው ላይ የተጠለፈውን የወይዘሮ ፋንታዬን ስም አንድ በአንድ በማይክሮፎን እያነበበ አቀረባቸው፤ አዳራሹ እያጨበጨበ ተቀበለ። ወይዘሮ ፋንታዬ አሥራ አንድ ጊዜ ተነስተው እጅ ነሱ። ዛሬ ያ ቁም ሳጥን ሞልቶ መሃለኛው በሩ በሲባጎ ታስሯል። ከውስጡ ለሌላ ሰው የሚሆን አንድም ነገር የለም። ባለፈው ሳምንት የጎረቤት ልጅ ሲመረቅ ወይዘሮ ፋንታዬ ሱቅ ገብተው እስክሪብቶ ሲገዙ ታይተዋል።

የሐመልማል ሁለተኛ ልጅ አሁን በአያቷ ጋቢ ተጠቅልላ ትተኛለች።

ያን ዕለት የሰብለ እናት ዕቃውን ዘርግፈው ሲጨርሱ «ስንት ይሆናል?» ብለው ጠይቀዋት ነበር።

«የእሳቸው ስም ከሆነ በነጻ ነው።»

«በምን ቀለም ታደርጊዋለሽ?»

ሐመልማል መሳቢያውን ከፍታ ክሮቿን አየች። ሁሉንም በሰማያዊ ጠለፈችው።