እያጠረች የሄደችው ሹራብ

ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ መርፌ» የሚላት ሹራብ ጠጋኝ ሻንጣዋን ካዘጋጀች መንፈቅ አለፋት። ሌላ ከተማ ያለችው ልጇ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ «እማዬ ድረሽልኝ» ብላታለች። ሻንጣው ግን ከሥራ ጠረጴዛው ሥር አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ሴትዮዋን አስሮ ያስቀራት አንድ ግራጫ ሹራብ ነው ቢባል ማን ያምናል?

ሹራቧ የአንድ ስመ ጥር ዘፋኝ ነች። ሰውየው ስሙ ሳይወጣ፣ የመጋዘን ዘበኛ ሳለ ብርዱን ያሳለፈው በሷ ስለሆነ፣ ዛሬም ያለሷ መድረክ ቢወጣ ድምፁ የሚከዳው ይመስለዋል። የጊታሩ ማንጠልጠያ ትከሻዋን በበላው ቁጥር ወደ እትዬ መርፌ ይሮጣል።

እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ ጥፋቱ የራሷ ነው። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት መጀመሪያ ሲያመጣላት፣ የሚመሳሰል ክር ገበያውን ሁሉ ዞራ አጣች። «አልችልም» ብሎ መመለስ ሞት ሆነባት። ከታችኛው ጠርዝ ሁለት ዙር ተረተረችና በዚያው ክር ትከሻውን ሞላችው። ዘፋኙ ቢያገላብጥ ቢያገላብጥ ጥገናው የቱ ጋ እንደሆነ ጠፋው። በቴሌቪዥን ቀርቦም «ከኚህ ሴት በቀር ማንም አይነካትም» ብሎ ለአገር ተናገረ። ከዚያ ወዲያማ በምን አፏ ትናገር? አንዴ ሁለት ዙር፣ አንዴ ሦስት ዙር ስትተረትር፣ ዳሌው ላይ ትደርስ የነበረችው ሹራብ እምብርቱ ጋ ደረሰች። እሱ የዋሁ ወፈርኩ ብሎ እራት መብላት ተወ።

ልሂድ ባለች ቁጥር «ዝግጅት አለብኝ፣ አደራ አይራቁብኝ» ይላታል። ጎረቤቱም «እሱን የሚያህል ሰው ጥለሽ?» እያለ ያሸማቅቃታል። ትናንት ልጇ ደውላ «ሕፃኑ ጥርስ አወጣ እኮ» ስትላት፣ ስልኩን እንደያዘች አለቀሰች።

ስለዚህ ዛሬ ዘፋኙ ሹራቧን በፌስታል ይዞ ሲገባ ቆርጣ ተነሳች።

«ልጄ፣ ቁጭ በል። ሳታልልህ ነው የኖርኩት።»

ሁሉንም ዘረገፈችው። ከእንግዲህ አንድ ዙር ብትነካ ሆዱ እንደሚታይም ነገረችው። የፈለገችው ተቆጥቶ፣ ሹራቧን መንጭቆ፣ በሩን ጓ አድርጎ እንዲሄድላት ነበር። ነገ ጠዋት አውቶቡስ ትሳፈራለቻ።

ዘፋኙ ሹራቧን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጠርዟን ዳበሰ። ቀና ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ለካ ይሄን ሁሉ ዓመት ከራሷ እየቀነሱ ነው ያቆዩልኝ» አለና እጇን ሳመ። «እንዲህ የሚጨነቅላት ከየት አገኛለሁ?» ቀጥሎ ሁለቱን እጅጌዎች ወደሷ ጎተተላት። «ከዚህ ይውሰዱ። ጉርድ እጅጌ ብትሆንስ ምን አለበት?»

«አልችልም» ማለት እንደዚያን ጊዜው ሁሉ ሞት ሆነባት። እትዬ መርፌ እጅጌዎቹን በዓይኗ ለካች። በቁጠባ ከተያዙ አሥር ዓመት ያስኬዳሉ። የልጅ ልጇ ያኔ አራተኛ ክፍል ይሆናል።

ሻንጣውን በእግሯ ወደ ግድግዳው ገፋ አደረገችና መቀሷን አነሳች።